ቀለበት አፋላጊ

በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ የሚኖረው ክሪስ ተርነር «ሪንግ ፋይንደርስ» የተባለ ማውጫ አቋቁሟል። በልዩ ልዩ አገሮች ብረታ ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ይዘው ለሰው የጠፋ ቀለበት፣ ሐብልና ጉትቻ የሚፈልጉ ሰዎች ይመዘገቡበታል። ጌጡ የጠፋበት ሰው በአቅራቢያው ያለውን ይጠራል። ለመጓጓዣ የሚያስከፍሉ አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ዕቃው ሲገኝ ባለቤቱ የሚሰጣቸውን ወሮታ ይቀበላሉ።

እነዚህን ሰዎች በአማርኛ «ቀለበት ፈላጊ» ማለት ይቀላል፤ ግን ፈላጊ ለራሱም ሊፈልግ ይችላል። «አፋልጉኝ» የሚለውን ማስታወቂያ በሬዲዮ እየሰማን አድገናል። አፋላጊ የሌላው ጭንቀት ውስጥ ገብቶ አብሮ የሚፈልግ ነው። ስለዚህ «ቀለበት አፋላጊ» እላለሁ። ያገኘውን ለራሱ ከሚያስቀር ሀብት አዳኝ የሚለየውም ይኸው ነው፤ ቀለበቱ አሸዋ ውስጥ ቢቀበርም ባለቤት አለው።

በመሣሪያው ጫፍ ላይ ባለው ክብ ሰሐን ውስጥ የሽቦ ጥቅል አለ። በጥቅሉ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። መስኩ የተቀበረ ቀለበት ሲያገኝ በቀለበቱ ላይ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያዞራል፤ ያም በተራው የራሱን ደካማ መስክ ይፈጥራል፤ መሣሪያው ይህን ተቀብሎ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ቀለበት ያልተቋረጠ ክብ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ እንደልቡ ይዞርበታል። ቀጭን ሐብል ግን ከቀለበቱ ቢከብድ እንኳ ለመሣሪያው የጥቃቅን ዘለላዎች ክምችት ነው፤ ድምፁ ይደክማል፣ ጨርሶ ሊታለፍም ይችላል። ከቀለበት ወልቆ የወደቀ አልማዝ ደግሞ ብረታ ብረት ስላልሆነ አይጠቆምም።

ከሁሉ የሚያደክመው የወርቅና የአሉሚኒየም መመሳሰል ነው። የለስላሳ መጠጥ ጣሳ መክፈቻና የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ብዙ ጊዜ የወርቅ ቀለበት የሚሰጠውን ዓይነት ድምፅ ይሰጣሉ። ቆሻሻውን ላለማውጣት ብሎ ድምፁን የዘለለ ሰው ቀለበቱንም ሊዘል ይችላል። በእርጥብ የባሕር አሸዋ ላይ ደግሞ ጨዋማው ውኃ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ተራ መሣሪያ ያለ ምክንያት ይጮኻል፤ ለዚያ የተሠራ ሌላ ዓይነት ያስፈልጋል።

እኔ ግን የሥራው ልብ ጥያቄው ነው እላለሁ። ጎበዝ አፋላጊ መሣሪያውን ከማብራቱ በፊት ባለቤቱን አረጋግቶ ያናግራል። ቀለበቱ በየትኛው እጅ ነበር? ኳስ ወርውረው ነበር? የፀሐይ መከላከያ ቅባት ተቀብተው ነበር? የገቡበት ውኃ ጥልቀቱ እስከ ወገብ ነበር ወይስ እስከ ደረት? ቀዝቃዛ ውኃ ጣትን ያሳንሳል፤ ቅባት ያንሸራትታል፤ ሳይታወቅ ይወልቃል። የተደናገጠ ሰው ቦታውን በእርግጠኝነት ይናገርና ይሳሳታል፤ ቀስ ብሎ ሲጠየቅ ግን የተቀመጠበትን፣ ፎጣውን ያራገፈበትን ያስታውሳል። ከዚያ በኋላ አፋላጊው ቦታውን በገመድ ከፋፍሎ፣ የሰሐኑ ምት በምት ላይ እየተደረበ፣ መስመር በመስመር ይሄዳል።

ፈቃድም ያስፈልጋል። በግል ግቢ የባለይዞታው እሺታ፣ በሕዝብ ቦታ ደግሞ የአካባቢው ሕግ ይጠየቃል። ለምሳሌ በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ በዚህ መሣሪያ መፈለግ ክልክል ነው።

በባሕር ዳርቻ ቀለበት የጠፋበት ሰው ሊያደርግ የሚገባው ከሚመስለው ያነሰ ነው። አሸዋውን በእጅ አይቆፍሩ፤ ሲቆፍሩ ቀለበቱ ከነበረበት ይርቃል ወይም ጠልቆ ይቀበራል። የቆሙበትን ቦታ በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ ከጀርባ ያለው ሕንፃ ወይም ዛፍ ይታይ። ሰዓቱንና ያኔ ውኃው የት ድረስ ደርሶ እንደነበር ይጻፉ፤ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል የውኃው ጠርዝ ስለሚለዋወጥ፣ አፋላጊው ፍለጋውን የሚጀምርበትን መስመር የሚወስነው በዚህ ነው።