ያለ ሩት ሥልጣን የሚሠራ ኮንቴይነር

ያለ ሩት የሚሠራ ኮንቴይነር በሊኑክስ ላይ ኮንቴይነሮችን የሚፈጥረውና የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ራሱ የሥርዓቱን የበላይ ተጠቃሚ፣ ማለትም የሩትን ሥልጣን ሳይዝ በተራ ተጠቃሚ ስም የሚሠራበት ዘዴ ነው። ዓላማው ጥቃት አድራሹ ከኮንቴይነሩ ሰብሮ ቢወጣ እንኳ የሚያገኘው ሥልጣን የዚያ ተራ ተጠቃሚ ሥልጣን ብቻ እንዲሆን ማድረግ ነው። ፖድማን፣ ዶከር፣ ኤልኤክስሲ እና አፕቴይነር ይህን አሠራር ይደግፋሉ።

መነሻ ችግሩ

ኮንቴይነር እንደ ቨርቹዋል ማሽን የራሱ ከርነል (የሥርዓተ ክወና እምብርት) የለውም። በአስተናጋጁ ማሽን ከርነል ላይ የሚሠሩ፣ ግን ከሌሎች የተከለሉ ፕሮሰሶች ስብስብ ነው። ሊኑክስ ተጠቃሚዎችን የሚለየው በቁጥር ሲሆን የሩት ቁጥር 0 ነው። የተለየ ጥንቃቄ ካልተደረገ በኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ተጠቃሚ 0 በአስተናጋጁ ማሽን ላይ ካለው ተጠቃሚ 0 ጋር አንድ ነው። አንዳንድ ልዩ ፈቃዶች ቢቀነሱበትም ማንነቱ አይለወጥም፤ ስለዚህ መከለያው አንድ ቦታ ከተሰበረ ማሽኑ በሙሉ ለአደጋ ይጋለጣል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው ዶከር ኮንቴይነሮችን ሁሉ የሚያስተዳድረው በሩት ሥልጣን ከበስተጀርባ በሚሠራ አንድ አገልግሎት ነበር፤ ዛሬም በተለመደው አጫጫኑ እንዲሁ ነው። ለዚህ አገልግሎት ትእዛዝ መስጠት የሚችል ሰው የአስተናጋጁን ፋይሎች በሙሉ ለአንድ ኮንቴይነር ከፍቶ እንዳሻው ሊለውጣቸው ይችላል። አንድን ተጠቃሚ ይህን ትእዛዝ የመስጠት ፈቃድ ባለው የዶከር የተጠቃሚዎች ቡድን ውስጥ ማስገባት የሩትን ሥልጣን ከመስጠት እንደማይለይ የዶከር መመሪያም ያስጠነቅቃል።

አደጋው በገሃድ የታየው እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ነው። ዶከርን ጨምሮ ብዙ ሥርዓቶች ኮንቴይነር ለማስነሳት በሚጠቀሙበት ራንሲ በተባለው ፕሮግራም ላይ ሲቪኢ-2019-5736 የሚል መለያ የተሰጠው የደኅንነት ቀዳዳ ተገኘ። በኮንቴይነሩ ውስጥ በሩትነት የሚሠራ ተንኮለኛ ፕሮግራም በአስተናጋጁ ማሽን ላይ ያለውን የራንሲ ፋይል በራሱ ኮድ መተካት ይችል ነበር። የኮንቴይነሩ ሩት በአስተናጋጁ ላይ ተራ ተጠቃሚ በሆነበት ቦታ ግን ፋይሉን የመጻፍ ፈቃድ ስለሌለው ጥቃቱ አይሳካም።

አሠራሩ

የዘዴው መሠረት የተጠቃሚ ኔምስፔስ የሚባለው የከርነል ችሎታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው ከርነል 3.8 ጀምሮ ተራ ተጠቃሚም ይህን መፍጠር ይችላል። በኔምስፔሱ ውስጥ ያሉ የተጠቃሚ ቁጥሮች ከውጭ ካሉ ሌሎች ቁጥሮች ጋር ይዛመዳሉ። ለምሳሌ ቁጥሩ 1000 ለሆነ ተጠቃሚ ከ100,000 የሚጀምሩ 65,536 ቁጥሮች ተመድበውለት ከሆነ፣ በኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው 0 በውጭ 1000፣ 1 ደግሞ 100,000፣ 33 ደግሞ 100,032 ይሆናል። በኮንቴይነሩ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ሶፍትዌር ይጭናል፣ የፋይል ባለቤትነት ይለውጣል፤ ከርነሉ ግን በውጭ ባሉት ነገሮች ላይ የሚያየው ሥልጣን የሌለውን ተጠቃሚ ነው።

ተራ ተጠቃሚ ከራሱ ቁጥር ውጭ ያሉትን ማዛመድ ስለማይፈቀድለት ልዩ ፈቃድ ያላቸው ሁለት ትናንሽ ፕሮግራሞች፣ ኒውዩአይዲማፕ እና ኒውጂአይዲማፕ፣ አስተዳዳሪው የመደበለትን ክልል አረጋግጠው ይህን ይፈጽሙለታል። ከአስተናጋጁ ኔትወርክ ጋር የሚያገናኘውን ሥራ እንደ ስሊርፕ4ኔትኤንኤስ እና ፓስታ ያሉ በተጠቃሚ ደረጃ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ይይዛሉ። ኮንቴይነሩ የሚነሳበትን የፋይሎች ጥቅል፣ ማለትም የኢሜጁን ንብርብሮች የሚያቀናብረው ኦቨርሌይ የፋይል ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2021 በከርነል 5.11 ለተራ ተጠቃሚ ተፈቅዷል። የማኅደረ ትውስታና የፕሮሰሰር አጠቃቀምን ለመገደብ ደግሞ ሲግሩፕ የሚባለው የከርነል ችሎታ ሁለተኛ ትውልድ ያስፈልጋል።

በኢሜጁ ውስጥ አፕሊኬሽኑ ከሩት በተለየ ተጠቃሚ እንዲሠራ ማዘዝ ከዚህ የተለየ እርምጃ ነው። ያ እርምጃ የአፕሊኬሽኑን ሥልጣን ይቀንሳል እንጂ ኮንቴይነሩን የሚያስተዳድረውን አገልግሎት ከሩትነት አያወርደውም። ሁለቱ ሲጣመሩ ጥበቃው ይጠነክራል።

ታሪክ

ኤልኤክስሲ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ስሪት 1.0 ያለ ሩት የሚሠሩ ኮንቴይነሮችን አቀረበ። ብዙ ተመራማሪዎች በጋራ በሚጠቀሙባቸው ግዙፍ ኮምፒውተሮች ላይ ለማንም የሩትን ሥልጣን መስጠት ስለማይቻል የእነዚህ ኮምፒውተሮች ዘርፍ ቀደም ብሎ የራሱን መፍትሔ ፈልጓል፤ በሎረንስ በርክሊ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የተጀመረውና ኋላ አፕቴይነር የተባለው ሲንጉላሪቲ የዚህ ፍሬ ነው። ሬድ ሃት ያዘጋጀው ፖድማን ከበስተጀርባ የሚሠራ ማዕከላዊ አገልግሎት ሳያስፈልገው ኮንቴይነሩን በቀጥታ በተጠቃሚው ስም ያስነሳል። ዶከር ያለ ሩት የሚሠራበትን አማራጭ እ.ኤ.አ. በ2019 በስሪት 19.03 ለሙከራ አቅርቦ በ2020 በስሪት 20.10 ከሙከራ ደረጃ አወጣው። ለዚህ ሥራ ትልቁን አስተዋጽኦ ካደረጉት አንዱ ጃፓናዊው መሐንዲስ አኪሂሮ ሱዳ ነው።

ገደቦች

ተራ ተጠቃሚ በተለመደው ቅንብር ከ1024 በታች ባሉ የኔትወርክ በሮች አገልግሎት መክፈት አይችልም፤ ስለዚህ የድር ሰርቨሮች ብዙ ጊዜ በ8080 ይከፈታሉ፣ ወይም አስተዳዳሪው የከርነሉን ቅንብር ይለውጣል። በተጠቃሚ ደረጃ የሚያልፈው ኔትወርክም ፍጥነቱ ሊቀንስ ይችላል።

ከዚህ የሚከብደው ከርነሉ የጋራ መሆኑ ነው። የተጠቃሚ ኔምስፔስ ተራ ተጠቃሚን ቀድሞ ለሩት ብቻ ክፍት ወደነበሩ የከርነል ክፍሎች ያደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የተገለጸው ሲቪኢ-2022-0185 በዚሁ መንገድ ሥልጣን ለመንጠቅ የሚያስችል ቀዳዳ ነበር። ኡቡንቱ 24.04 ማንኛውም ፕሮግራም ኔምስፔሱን እንዳሻው እንዳይጠቀም አፕአርሞር በተባለው የደኅንነት መከላከያ መገደቡ ለዚህ ዓይነት ስጋት የተሰጠ ምላሽ ነው።

ዘዴው የተጠቃሚውን የራሱን ንብረትም አይጠብቅም። ከኮንቴይነሩ ያመለጠ ፕሮግራም የባለቤቱን ሰነዶችና የኤስኤስኤች ቁልፎች ማንበብ ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አገልግሎት ሌላ ሥራ የሌለው የተለየ ተጠቃሚ መክፈት፣ ከርነሉን ሳያዘገዩ ማደስና እንደ ሴክኮምፕ እና ኤስኢሊኑክስ ያሉ ተጨማሪ መከላከያዎችን ሳያጠፉ መሥራት የዘዴው አካል ተደርገው ሊታዩ ይገባል።