የስም ሙያ በእንግሊዝኛና በአገራችን ሰዋስው፤ የጣና ዳር ስሞች እንደ ምሳሌ

በእንግሊዝኛ ትምህርት መጀመሪያ ላይ ተማሪው የሚያጠናው፣ ስም ማለት የሰው፣ የቦታ ወይም የነገር መጠሪያ ነው የሚለውን ፍች ነው። ፍቹ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ስሙ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ምን ሥራ እንደሚሠራ አይነግረንም። የሰዋስው መምህራን ይህን ሥራ የስም ሙያ ይሉታል፤ ስም ባለቤት፣ ተሳቢ ወይም የሌላ ስም ዘርፍ ሊሆን ይችላልና። የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ እንግሊዝኛ የስምን ሙያ የሚያመለክትበት መንገድ በታሪክ እንዴት እንደ ተለወጠ መርምሮ ከግእዝና ከአማርኛ ጋር ማነጻጸር ነው። ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥንታዊው እንግሊዝኛ ዛሬ ከምናውቀው እጅግ የተለየ ነበር። ስሙ ባለቤት ሲሆን፣ ተሳቢ ሲሆን፣ ወይም ባለንብረት ሲሆን እንደ ሙያው መድረሻውን ይለዋውጥ ነበር። ይሁን እንጂ ቀደም ብሎ የጀመረው የመድረሻዎች መድከም ኖርማኖች በ1066 አገሩን ከያዙ በኋላ በነበሩት ምዕተ ዓመታት እየጎላ ሄደ። በመጨረሻም በነጠላ ስም ላይ የቀረው የሙያ ምልክት ባለንብረትን የሚያሳየው የ«ስ» ድምፅ ብቻ ሆነ። የጠፉትን ምልክቶች ሥራ የቃላት ተራ ወረሰው፤ ከግሡ በፊት የቆመው ስም ባለቤት፣ ከግሡ በኋላ የቆመው ተሳቢ ተባለ።

ግእዝ ግን ምልክቱን በስሙ መጨረሻ ላይ ያኖራል። «ሐነጸ ንጉሥ ቤተ» ስንል «ቤት» የሚለው ቃል «ቤተ» መሆኑ ተሳቢነቱን ያስታውቃል። ያው ድምፅ «ቤተ ንጉሥ» በሚለው ሐረግ ሌላ ሙያ ይዞ ይገኛል፤ በዚህኛው ዘርፍ አያያዥ ነው። ከጣና በስተ ደቡብ ባለው የጎጃም አገር፣ እንደ ጎንጅና እንደ ዋሸራ ባሉ የቅኔ ቤቶች፣ ተማሪው ይህን ልዩነት ሳያውቅ ቅኔ ሊቆጥር አይችልም።

አማርኛ በበኩሉ ለተሳቢ «ን»ን፣ ለዘርፍ «የ»ን ያዘ። ምክንያቱን ለመረዳት ግሡ ያለበትን ስፍራ መመልከት ይበቃል። በእንግሊዝኛ ግሡ በመካከል ቆሞ ባለቤትንና ተሳቢን ይለያቸዋል። በአማርኛ ግን ማሠሪያው በመጨረሻ ስለሚመጣ ሁለቱም ስሞች በአንድ ወገን ይቀራሉ፤ ስለዚህ የሚለያቸው ምልክት አስፈለገ። ምልክቱ ካለ ተራቸው ቢለዋወጥ አያሳስትም። «አሞራው ዓሣውን በላው» ብንል፣ «ዓሣውን አሞራው በላው» ብንል፣ የተበላው ዓሣው ነው። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር የስሞቹን ተራ ሳይለውጥ ወደ እንግሊዝኛ የሚያዛውር ተማሪ ግን ዓሣውን በላተኛ፣ አሞራውን ተበዪ ያደርገዋል። እያንዳንዱ ቃል ትክክል ሆኖ ሳለ ታሪኩ ተገለበጠ ማለት ነው።

የዘርፍ ነገር ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው፤ በዚህ ረገድ እንግሊዝኛ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ባሕር ዳር» የሚለውን ስም እንመልከት። «ባሕር» ያለ ምንም ምልክት ቀድሞ «ዳር»ን ይገልጣል፤ ዋናው ስም ኋላ የመጣው ነው። እንግሊዞችም «ሌክ ሾር» ሲሉ የሐይቁን ስም አስቀድመው ዳርቻውን ያስከትላሉ። በዘጌ ልሳነ ምድር የሚገኘው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ስም ግን የግእዝን ተራ ይዟል፤ ዋናው ስም «ኪዳን» ቀድሞ ዘርፉ «ምሕረት» ይከተላል። ይህም «ኦፍ» በሚባለው መስተዋድድ ከሚሠራው የእንግሊዝኛ ሐረግ ጋር በተራ ይስማማል። ስለዚህ እንግሊዝኛ ያሉት ሁለቱ የዘርፍ መንገዶች በአንድ ሐይቅ ዳር ባሉ በሁለት ስሞች ተመልክተዋል።

የሰዋስው ጸሐፊዎችም ይህን ለመለየት ደክመዋል። በአውሮፓ የቀደሙት ሰዋስው ጸሐፊዎች ሌላውን ቋንቋ በላቲን ሚዛን ይመዝኑ ነበር። ሮበርት ላውዝ በ1762 ባሳተመው የእንግሊዝኛ ሰዋስው ግን የእንግሊዝኛ ስም በሙያ ምክንያት የሚያሳየው ለውጥ አንድ ብቻ፣ ይኸውም የባለንብረት ለውጥ መሆኑን አመለከተ። ለእኛ ቋንቋዎች ደግሞ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ወደ ጎታ ሄደው ኢዮብ ሉዶልፍን ረድተውታል፤ እርሱም የግእዝን ሰዋስው በ1661፣ የአማርኛን በ1698 አሳተመ። ኢዘንበርግ በ1842 የአማርኛን ሰዋስው በእንግሊዝኛ ጽፎ በለንደን አወጣ። አንዱን ቋንቋ በሌላው አማካይነት ማስረዳት እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም።

ጥያቄው ዛሬም ይመለከተናል። በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ የስምን ተራ ያፋለሰ ተማሪ በታሪክ ፈተና ድል ነሺውን ድል ተነሺ አድርጎ ሊጽፍ ይችላል፤ የሚያውቀውንም እንዳላወቀ ይቆጠርበታል። በባሕር ዳር መምህራንን ለማሠልጠን በ1972 አካዳሚ ተቋቁሞ ነበር፤ በ1963 ከተመሠረተው ፖሊቴክኒክ ጋር ተዋሕዶም በ2000 የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከዚህ የሚወጡ መምህራን የስምን ፍች ብቻ ከማስጠናት ይልቅ ተማሪው «ን»ን ሲያይ በእንግሊዝኛ ከግሡ በኋላ ያለውን ስፍራ እንዲያስብ ቢያስለምዱት፣ ዘርፍንም ከከተማው ስም ጀምረው ቢያስረዱት፣ ትምህርቱ ከሚታወቀው ወደማይታወቀው ይሄዳል።