አርተር ያንግና የ1793ቱ ሐሜት

በዘመነ ጆርጅ ሣልሳይ፥ የእንግሊዝ መኳንንት ስለ በግ ዘርና ስለ መሬት ማዳበሪያ በግብር ላይ ሳይቀር ይከራከሩ በነበረበት ጊዜ፥ እ.ኤ.አ. በ1741 በለንደን ተወልዶ ሰፎክ በተባለው አውራጃ የኖረው አርተር ያንግ፥ በገዛ እርሻው ከስሮ ሳለ ስለ እርሻ በመጻፍ ስሙ በአውሮጳ ሁሉ የተሰማ ሰው ነበር። የእንግሊዝንና የአየርላንድን ገጠር ዞሮ የጻፋቸውን መጻሕፍት፥ ደግሞም ከ1784 ጀምሮ ያሳተመውንና ንጉሡ ራሱ በሌላ ሰው ስም ተሰውሮ የጻፈበትን የእርሻ መጽሔት፥ ለሌላ ጊዜ እናቆያቸው።

በ1793 ብዕሩን ለመንግሥት ሸጠ ተብሎ የታማበት ክርክር የሚነሣው ከፈረንሳይ ጉዞው ነው። ባስቲል የተባለው የፓሪስ ወህኒ በአብዮተኞች እጅ ሊወድቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፥ ጁላይ 12 ቀን 1789፥ ያንግ ባዝራውን ለማሳረፍ ረዥም ዳገት በእግሩ ሲወጣ አንዲት ድኻ ሴት አብራው ሄደች፤ ሰባት ልጆች እንዳሏት፥ ባሏ ከቁራሽ መሬት፥ ከአንዲት ላምና ከአንድ ደካማ ፈረስ በቀር ሀብት እንደሌለው፥ ከዚያችውም ለአንዱ ጌታ ስንዴና ሦስት ዶሮ፥ ለሌላው አጃና አንድ ዶሮ እንደሚገብሩ፥ የንጉሡም ግብር በላዩ እንደሚታከል ነገረችው። ጎብጣና ፊቷ ተጨማዶ ስላያት የስድሳ ወይም የሰባ ዓመት አሮጊት ትመስለው ነበር፤ ዕድሜዋ ግን 28 ነበር።

ይህን የመሰለ ምስክርነት የያዘው መጽሐፈ ጉዞ በ1792 ታተመ፤ በማግስቱ ዓመት ግን ያው ጸሐፊ የፈረንሳይ አብዮት ለብሪታንያ ማስጠንቀቂያ ነው የሚል ድርሳን አወጣ። በዚያው በ1793 የጠቅላይ ሚኒስትሩ የፒት መንግሥት የእርሻ ቦርድ አቋቁሞ በዓመት 400 ፓውንድ ደመወዝ ጸሐፊ አድርጎ ስለ ሾመው፥ ባላንጣዎቹ «ብዕሩን ሸጠ» አሉት። በሴፕቴምበር 1792 በፓሪስ ወህኒ ቤቶች የፈሰሰው ደም ግን ሹመት የማያሻውን ሰው እንኳ ለማስደንገጥ ይበቃ ነበር።



ከዚህም በላይ ያንግ ብዙ ዘመን የወል መሬት እየታጠረ በግል እንዲያዝ ሲሰብክ ከኖረ በኋላ፥ በ1801፥ ያንኑ የመንግሥት ደመወዝ እየተቀበለ፥ አጥሩ ድኻውን ላሙን እንዳሳጣውና ከወል መሬቱ ድርሻ ሊሰጠው እንደሚገባ በግልጽ ጻፈ። የተገዛ ሰው የባለርስቶችን ጥቅም እንዲህ አይነካም። ዛሬ በየአገሩ የመሬት ሕግ የሚያረቁ ሹማምንት ይህን የ1801 ጽሑፍ ፈልገው ቢያነቡት መልካም ነው።