ዜና መቅደላ፦ የአምባውና የቤተ መዘክሩ ነገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። የዳግማዊ ቴዎድሮስ ወዳጆች የሆንን እኛ፣ የጦር ሰፈሩን የመቅደላን ነገር እንጽፋለን።

ንጉሡ በጋፋት የነበሩትን ነጮች፣ እነ ዋልድማየርን፣ አዝዞ ታላቁን መድፍ ሴባስቶፖልን አሠራ። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይጠጋል። በ1860 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በጥቅምት ወር ከደብረ ታቦር አስነሣው። መንገድ በሌለበት መንገድ እያወጣ፣ ድንጋይ በገዛ እጁ እየፈለጠ፣ የበሽሎን ገደል አስወርዶና አስወጥቶ በመጋቢት ከመቅደላ አደረሰው። ከጭፍራው ጋር አፈር የዛቀ እንዲህ ያለ ንጉሥ ማን ነው? ዛሬም ወደ አምባው የወጣ ሰው መድፉን ሰፊ አፉን ከፍቶ ያገኘዋል።

ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዓርብ፣ ፊታውራሪ ገብርዬ አሮጌ በሚባል ስፍራ ንጉሡን ሊወጋ ከመጣው የእንግሊዝ ጦር ጋር ሲዋጋ ስለ ጌታው ወደቀ። በዋዜማው በገደሉ አፋፍ በንጉሡ እስረኞች ላይ የሆነውን እግዚአብሔር ያውቃል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ንጉሡ ለፋሲካ የላከውን ከብትም የእንግሊዞቹ አዛዥ ናፒር ሳይቀበል ቀረ። ሚያዝያ 6 ቀን አምባው ሲደፈር ንጉሡ እጁን ከሚሰጥ ሽጉጡን ጠጣ። ኩሩ ሆኖ ኖረ፤ ኩሩ ሆኖ ሞተ።

እንግሊዞች የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን በዘበዙ። ታቦቱን፣ ዘውዱንና መጻሕፍቱን በ15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ ጭነው ወረዱ፤ በደላንታም ሁለት ቀን ሐራጅ አስጮኹ። እነርሱም ክርስቲያን ነን ይሉ ነበር።

ከዚህ በኋላ ብዙ ዘመን አለፈ። በለንደን ከተማ፣ ቼልሲ በሚባል ሰፈር፣ የእንግሊዝ ጦር ቤተ መዘክር አለ። የንጉሡን አስከሬን ሥዕል የሳለው ሰው ቤተሰቦች ለቤተ መዘክሩ የሰጡት የንጉሡ ፀጉር በዚያ ተቀምጦ ኖረ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የባህልና ቱሪዝም ሚኒስትር ዶክተር ሂሩት ካሳው ሄደው ተረከቡት። የመለሱትን እናመሰግናለን፤ ያልመለሱት ግን ይበዛል።

የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በልጅነቱ ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር ሞተ፤ በዊንድሶርም ተቀበረ። አፅሙ ይመለስ ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ፣ በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ሰዎች በአጠገቡ ያረፉትን የሌሎችን አፅም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብለው መለሱ። በደላንታ ሐራጅ ሲጮህ ግን እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ታየ ብሎ የነገረን የለም።