ከዝሆን ጥርስ አዳኞች እስከ ዛሬው የእግር ጉዞ መሪ

ሰልጣኙ ዓይኑ በጨርቅ ታስሯል። በእጁ ጠመንጃ፣ በወገቡ የጥይት ቀበቶ ይዟል። ፈታኙ ሲያዝዘው ጥይቶቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ያጎርሳል፤ እንደገና ሲያዝዘው ያራግፋል። አፈሙዙ ከተፈቀደለት አቅጣጫ ንቅንቅ ካለ ወድቋል። በደቡብ አፍሪካ ጎብኚዎችን በእግር እየመራ አንበሳና ጎሽ ወዳለበት ዱር ለመግባት የሚፈልግ አስጎብኚ እንዲህ ያለውን ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። ዓይን የሚታሰረው ለትርኢት አይደለም፤ ጎሽ ከጥሻ ሲወጣ ዓይን ከጎሹ ላይ መነሳት ስለማይችል ማጉረሱን ጣት ብቻውን ሊወጣው ይገባል።

ሥልጠናው ይህን መልክ እስኪይዝ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። መነሻውም ጉብኝት ሳይሆን ጦርነትና የዝሆን ጥርስ ንግድ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደዚያው ናቸው) በ1898 የጀርመን ጦር የታጠቀው ማውዘር ጠመንጃ አንድ ትልቅ ብልሃት ነበረው፦ ጥይቱ ከካዝናው ብቅ እንዳለ ግርጌውን አጥብቆ የሚይዝ የብረት ጥፍር። ጥፍሩ ጥይቱን እየመራ ያስገባዋል፤ ከተተኮሰም በኋላ ቀለሁን ጎትቶ ያወጣዋል። በእጅ የሚቀባበሉት ብዙዎቹ የዛሬ አስጎብኚዎች ጠመንጃዎች የዚህ አሠራር ልጆች ናቸው። በ1899 በደቡብ አፍሪካ በተጀመረው የቦር ጦርነት ቦሮቹ (የደች ዝርያ ያላቸው ሰፋሪዎች) ከዚያ በፊት በወጣ ማውዘር እንግሊዞችን ሲፈትኑ፣ ከእንግሊዝ በኩል ከተሰለፉት መኮንኖች አንዱ ጀምስ ስቲቨንሰን ሃሚልተን ነበር። ጦርነቱ ባበቃበት በ1902 የሳቢ ጥብቅ ክልል ኃላፊ ሆነ፤ ክልሉም በ1926 ክሩገር ብሔራዊ ፓርክ ወደሚባለው ተጠቃለለ። ከእርሱ የመጀመሪያ ጠባቂዎች አንዱ ሃሪ ዎልሁተር በ1903 በፈረስ ሲጓዝ አንበሳ ከፈረሱ ላይ ጣለው። ጠመንጃው ከእጁ ወደቀ። አንበሳውን የገደለው በጩቤ ነው።

በዚያው ዘመን ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል በምሥራቅ አፍሪካ፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያም ጭምር፣ ለጥርሳቸው ሲል ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆኖችን ገድሏል። ይበልጥ የተጠቀመው ዛሬ ለዝሆን ትንሽ ነው የሚባለውን የ7 ሚሊሜትር ማውዘር ጥይት ነበር። ሥራው ዛሬ ያስቀይማል፤ ዘዴው ግን ለሥልጠናው ታሪክ ይጠቅማል። ቤል የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ ሰንጥቆ አንጎሉ የት እንዳለ አጠና። አንጎሉ ብዙ ባዶ ክፍተት ካለው አጥንት ጀርባ የተቀመጠ ነው፤ ዝሆኑ ራሱን ቀና ወይም ዝቅ ባደረገ ቁጥር ከፊት ለፊት የሚነጣጠርበት ቦታ ይለዋወጣል። ይህ ትምህርት ዛሬም ይሰጣል። የቤል ጥይት ግን ለአስጎብኚ አልተረፈም፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። አዳኙ ሰዓቱን፣ ቦታውንና አቅጣጫውን ራሱ ይመርጣል፤ ካልተመቸው ነገ ይመለሳል። ለአስጎብኚው ግን እነዚህን ሁሉ የሚመርጥለት እንስሳው ነው። ስለዚህ በ1912 የእንግሊዙ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ያወጣው .375 ካሊበር ዛሬ በደቡብ አፍሪካ አደገኛ እንስሳ ባለበት ለሚመራ አስጎብኚ እንደ ዝቅተኛ መመዘኛ ይወሰዳል፤ በ1956 የመጣው .458ም በብዙዎች ትከሻ ላይ ይታያል።

በመካከሉ የናይሮቢ ዘመን አለ። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 ወደዚያ ለአደን ሲመጣ አብረውት የሄዱት ባለሙያዎች ለራሳቸው አይደለም የተኮሱት፤ ደንበኛው ሲስት ወይም እንስሳው ቆስሎ ሲመለስ ለማዳን እንጂ። የአስጎብኚ ጠመንጃ ሥራ የተወለደው እዚህ ይመስለኛል። በ1934 የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ ባለሙያ አዳኞች ማኅበር ለሙያው ሥነ ምግባር አበጀለት፤ ኬንያ በ1977 አደንን ስትከለክል ማኅበሩም ፈረሰ።

መግደልን ከጉዞው ያወጡት ግን የእግር መንገደኞቹ ናቸው። ኖርማን ካር በ1950 በዛሬዋ ዛምቢያ ሉዋንግዋ ሸለቆ ካሜራ ለያዙ እንግዶች ሰፈር ከፈተ። በዚያ አገር እስከ ዛሬ የሚያስረዳው አስጎብኚ ሌላ፣ ጠመንጃ የያዘው ስካውት ሌላ ነው፤ ሰሜን ተራሮች የወጣ አንባቢ አደረጃጀቱን ያውቀዋል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የዱር እንስሳት ጠባቂው ኢያን ፕሌየርና መምህሩ የነበሩት የዙሉው አዛውንት ማቁቡ ንቶምቤላ በ1959 በኡምፎሎዚ የአውራሪስ አገር እንግዶችን በእግር መምራት ጀመሩ። ክሩገርም በ1978 የመጀመሪያውን የእግር ጉዞ በዎልሁተር ስም ከፈተ፦ ቢበዛ 8 እንግዶች፣ ሁለት የታጠቁ መሪዎች። የደቡባዊ አፍሪካ አስጎብኚዎች ማኅበር በ1990 ሲመሠረት ከቦታ ቦታ ይለያይ የነበረው ችሎታ አንድ መለኪያ አገኘ። በ2000 የወጣው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ደግሞ የብቃት ማረጋገጫን ግዴታ አደረገ።

የተኩስ ሜዳው ፈተና ከዎልሁተር ቀን ጋር የሚነጋገር ነው። ፈታኙ ከጥይቶቹ መካከል የማይተኮስ አንድ ይደባልቃል። ቃታው ተስቦ ሲከሽፍ ሰልጣኙ ጠመንጃውን ከትከሻው ሳያወርድ ማቀባበያውን ጎትቶ የከሸፈውን ይጥላል፣ ሌላውን ይተካል፣ ይተኩሳል። የአንበሳ ሥዕል የተለጠፈበት ተንቀሳቃሽ ዒላማ በገመድ እየተሳበ ይመጣበታል። እውነተኛው አንበሳ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሊሮጥ ይችላል ይባላል፤ ይህም በሴኮንድ 22 ሜትር ነው። እዚህ ላይ ቀዝቃዛ ጭንቅላት የሚባለው ነገር ዋጋ የለውም፤ እጅ አስቀድሞ የለመደው ብቻ ነው የሚሠራው።

የሜዳው ፈተና የማይለካው ግን የበለጠው ነገር ነው፦ መቼ አለመተኮስ። ጆሮውን ዘርግቶ አቧራ እያስነሳ የሚመጣ ዝሆን አብዛኛውን ጊዜ ለማስፈራራት ነው፤ ባለህበት ቆመህ በድምፅ ከገሠጽከው ይመለሳል። አንበሳም እንዲሁ፣ እስካልሮጥክ ድረስ። ይህን ካርቶን ላይ በተለጠፈ ሥዕል ማስተማር አይቻልም። ደቡብ አፍሪካ መልስ ያደረገችው መዝገብ ነው፤ ሰልጣኙ ከአሠልጣኝ ጋር በእግር የሄደባቸው ሰዓታትና ከአደገኛ እንስሳት ጋር የተገናኘባቸው ጊዜያት ይቆጠራሉ። ዚምባብዌ ደግሞ ለዓመታት ተለማማጅ ሆኖ መሥራትን፣ አልፎም አደገኛ እንስሳ በራስ እጅ አድኖ መግደልን ትጠይቃለች። አንድ ጊዜ እንኳ ያልተኮሰ ሰው በችግር ቀን ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም ይላሉ የዚህ ደጋፊዎች። ክርክሩ ክብደት አለው። ዳሩ ግን አደን የሚያስተምረው መቅረብን ነው፤ አስጎብኚ ይበልጥ የሚፈልገው ሳይታይ ደርሶ ሳይታይ መመለስን ነው። ስለዚህ እኔ ወደ መዝገቡ አደላለሁ፤ መዝገቡን የሚፈርመው ሰው ሐቀኛ እስከሆነ ድረስ።

እንስሳ ከተገደለ ምርመራ ይከተላል። ርቀቱ ይለካል፤ ጥይቱ የገባበት ቦታ ይታያል፤ እንግዶቹም ይጠየቃሉ። መርማሪው ግን ጥያቄውን ከቃታው አይጀምርም። ነፋሱ በየት በኩል ነበር? ትኩስ ዱካ ስታይ ለምን አልተመለስክም? በዚያ ጥሻ ውስጥ የሚያልፈውን መንገድ የመረጠው ማን ነው?