የግጭ ጎጆ ቅርስ ነው ወይ?

እንግሊዝ አገር ከ1700 በፊት ተሠርቶ ብዙም ሳይለወጥ የቆየ ቤት፣ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ መንግሥት በሚይዘው የቅርስ መዝገብ የመግባት ዕድሉ ሰፊ ነው። የገበሬ የጡብ ጎጆና የመኳንንት ግቢ አንድ መዝገብ ላይ ይሰፍራሉ። እኛ ጋ ግን «ቅርስ» ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ግንብ ነው። እኔ ያደግኩት ዳባት ነው፤ ታሪክ ለማየት ሁሌም የምንሄደው ወደ ጎንደር ነበር።

በስሜን ከታሪክ ጋር ስሙ የሚነሳው ሕንፃ ደረስጌ ማርያም ነው። ደጃዝማች ውቤ በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በቪልሄልም ሺምፐር እገዛ ያሠሩት ነው፤ ለራሳቸው ንግሥ አስበውት ነበር ይባላል። የካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ውቤን ድል አደረጉና እዚያው ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ግሩም ታሪክ ነው። ግን ለዚያ ሕንፃ ድንጋይ ሲያመላልስ የዋለው ሰው ማታ የሚገባው የት ነበር?

ጎጆ ውስጥ ነዋ። ግድግዳው እንጨትና ማገር፣ ምርጊቱ ጭድ ያለው ጭቃ፣ ጣራው ሣር፣ መሐሉ ምሰሶ።

እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሁለቱ የእኛ ነበሩ። ላሊበላ በባህል፣ የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በተፈጥሮ ገባ። ከባሕር ወለል 3,600 ሜትር አካባቢ ላይ ያለችው የግጭ መንደር እንግዲህ የዓለም ቅርስ ውስጥ ሆና፣ ቤቶቿ ግን የቅርሱ አካል አልነበሩም። ለመዝገቡ ዋሊያ ይቆጠራል፣ ጎጆ አይቆጠርም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ፤ በ2008 ዓ.ም. የግጭ ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ማዛወሩ ስህተት ነበር ማለቴ አይደለም። ሰውና ከብት ሲበዛ ሣሩ ያልቃል፤ ለማገዶም ለቤትም የሚቆረጠው አስታ ዋሊያው የሚጠለልበት ደን ነው። ጎጆውን ማወደስም አልፈልግም። ጭሱ ዓይን ያጠፋል፤ ቆርቆሮ ያማረው ሰው ልክ ነው፣ እኔም ብሆን ቆርቆሮ ነው የምመርጠው። የምለው ሌላ ነው፦ እኛ ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች አሮጌ ኮድ ከማጥፋታችን በፊት ኮፒ እንይዛለን። ለቤትስ?

ሕጉ አይከለክልም። የ1992ቱ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ሲተረጉም ቤተ መንግሥት መሆን አለበት አይልም፤ የሰው የፈጠራና የሥራ ውጤት የሆነና በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል፣ በኪነ ጥበብ ወይም በዕደ ጥበብ ይዘቱ ዋጋው ከፍ ያለ ነገር ነው የሚለው። ደጋ ላይ ውርጭን የሚችል ቤት ያለ ሚስማር ማቆም ዕደ ጥበብ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ችግሩ ጎጆ እንደ ጡብ አይቆይም። ሣሩ ይበሰብሳል፣ ይቀየራል፣ ምርጊቱ በየጊዜው ይታደሳል። ስለዚህ «የመቶ ዓመት ጎጆ» ፍለጋ ብትሄዱ ላታገኙ ትችላላችሁ። ጃፓኖች የኢሴን መቅደስ በየ20 ዓመቱ እንደ አዲስ ይሠሩታል፣ ጥንታዊነቱን ግን ማንም አይክድም፤ የሚቆየው አሠራሩ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1994 ናራ ላይ የወጣው ሰነድም የአንድ ቅርስ እውነተኛነት በየባህሉ መመዘን አለበት ይላል።

ጎጆ እንዲህ ከታየ ቅርሱ ያለው ሠሪው እጅና አፍ ላይ ነው፤ ሠሪው ደግሞ አሁን ደባርቅ ነው ያለው። ስልካችሁ ዙሪያውን በሚነሳ መቶ ፎቶ የአንድን ጎጆ ቅርጽ በሦስት አቅጣጫ ሊያወጣ ይችላል፤ ሶፍትዌሩ በነፃ ይገኛል። ፎቶ የማይነግራችሁን ግን ሰው መጠየቅ ነው። ወጋግራው በምን ይታሰራል? ሣሩ የሚታጨደው መቼ ነው? ለደቦ የመጣው ሰው መጀመሪያ ምን ይሠራል? ጉልላቱን ማን ይሰቅላል?