በሰማዩ ዓባይ ላይ ያለችው ኮከብ እና የደብረ ኤልያስ ቆጠራ

ባለፉት ዓመታት «ደብረ ኤልያስ» የሚለው ስም የብዙዎቻችን ጆሮ የገባው በጦርነት ዜና ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በወረዳው በሚገኝ ገዳም ዙሪያ ስለተካሄደው ውጊያ ሰምተናል። ብዙም ሳይቆይ ጎጃም በሙሉ ወደ ጦርነት ገባ፤ የአካባቢው ስምም ከተኩስና ከመንገድ መዘጋት ጋር ተጣብቆ ቀረ።

ከዚያ በፊት ግን ደብረ ኤልያስ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ቅኔ ነበር። አኮፋዳ ያነገተና ደበሎ የለበሰ ተማሪ ከየአገሩ እየመጣ ጎጆ ቀልሶ የሚማርበት ደብር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሳይገቡ በፊት ከተማሩባቸው የጎጃም ደብሮች አንዱ ይህ ነው።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ አገርና ስለ አንዲት ኮከብ ነው። ሁለቱ የማይገናኙ ይመስላሉ። የሚያገናኛቸው አንድ ቃል ነው፦ ቆጠራ።

ሁለቱ ዓባዮች

የደብረ ኤልያስ ወረዳ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ አገር ነው። የዓባይ ምንጭ ግሽም እዚያው ጎጃም፣ ሰከላ ውስጥ ነው። የውጭ ሰዎች ይህን ምንጭ ፍለጋ ብዙ ደክመዋል። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጀምስ ብሩስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1770 ደርሰው አዩት። የሰከላ ገበሬ ግን ከብቱን ሲያጠጣበት፣ ካህኑም ጠበሉን ሲባርክበት የኖረ ውኃ ነው።

ጥንታዊዎቹ ግሪኮች በሰማይም አንድ ወንዝ አይተዋል። ደብዛዛ ኮከቦች ተያይዘው እየተጠማዘዙ ወደ ደቡብ የሚወርዱበት መስመር ነው። ስሙን ኤሪዳኑስ ይሉታል። በኤራቶስቴንስ ስም የሚጠራው የኮከብ መጽሐፍ ግን ይህ ወንዝ ዓባይ ነው ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ግሪኮች ከሚያውቋቸው ወንዞች ከደቡብ የሚነሣው እሱ ብቻ ነበር። በ2ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው በጥሊሞስ በመዝገቡ በቀጥታ «ወንዙ» ብሎ ጠርቶታል። ዓረቦችም በኋላ «ናህር» አሉት፤ ትርጉሙ ያው ወንዝ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉ። የዚህ ሰማያዊ ወንዝ ጫፍ ዛሬ አኬርናር የሚባለው ደማቅ ኮከብ ነው። ስሙ ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን «የወንዙ መጨረሻ» ማለት ነው። በበጥሊሞስ ዘመን ይህ ኮከብ ከእስክንድርያ አድማስ በታች ስለሚውል አይታይም ነበር። ስለዚህ ግሪኮቹ ወንዙን መንገድ ላይ ቆርጠው ሌላ ኮከብ መጨረሻ አደረጉት። ከጎጃም ደጋ ግን ወንዙ ከራስ እስከ እግሩ ይታያል። የምድሩ ዓባይ መነሻ እነሱ ሳያዩት የኖሩት ነገር ነበር፤ የሰማዩ ዓባይ መጨረሻም እንዲሁ።

ኮከቧ

በዚህ ወንዝ ላይ ኤፕሲሎን ኤሪዳኒ የምትባል ኮከብ አለች። ኤፕሲሎን የሚለውን የግሪክ ፊደል የሰጣት ጀርመናዊው ዮሐን ባየር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1603 ባወጣው የኮከብ አትላስ። በዓይን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። በገና ሰሞን ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወጣ በሉ። በምሥራቅ በኩል በአንድ መስመር የተደረደሩትን ሦስት ኮከቦች ፈልጉ። ከእነሱ በስተደቡብ ያለችውን ደማቅ ነጭ ኮከብ ያዙ። ክንዳችሁን ዘርጉና ከእሷ ወደ ምዕራብ ከአንድ ስንዝር ጥቂት የሚበልጥ ለኩ። ከፍ ብለው፣ ሁለት ጣት ያህል ተራርቀው ሁለት ደብዛዛ ኮከቦች ታገኛላችሁ። ከሁለቱ በምዕራብ በኩል ያለችው እሷ ናት።

ከእኛ 10.5 የብርሃን ዓመት ትርቃለች። በዓይን ከሚታዩት ኮከቦች ከእሷ የሚቀርቡን አልፋ ሴንታውሪና ሲርየስ ብቻ ናቸው። የሥነ ፈለክ ሰዎች ብርቱካናማ ድንክ ይሏታል። ከፀሐይ ትንሽ ታንሳለች፤ ገጿ ወደ 4,800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፣ የፀሐይ ደግሞ 5,500 ነው። የብርሃኗ መጠን የፀሐይን አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ዕድሜዋ ገና ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በታች ነው፤ ፀሐያችን 4.6 ቢሊዮን ሞልቷታል። በዚህ ስሌት ኤፕሲሎን ኤሪዳኒ ልጅ ናት።

ለፀሐይ ስለምትመስል የሰው ተስፋ ቀድሞ ያረፈባትም እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካዊው ፍራንክ ድሬክ የሬዲዮ ቴሌስኮፑን ወደ ሁለት ኮከቦች አዙሮ «ሌላ የሚናገር ፍጡር አለ ወይ?» ብሎ አዳመጠ። አንዷ ታው ሴቲ ስትሆን ሁለተኛዋ ኤፕሲሎን ኤሪዳኒ ነበረች። መልስ አልተሰማም።

የትቢያው መቀነት

እ.ኤ.አ. በ1983 አይራስ የተባለ ሳተላይት ሰማይን በሙቀት ጨረር ሲቃኝ አንዳንድ ኮከቦች ከሚገባቸው በላይ ሙቀት ሲለቁ አገኘ። ከመካከላቸው ይህች አንዷ ናት። ትርፉ ሙቀት የሚመጣው በኮከቧ ዙሪያ ካለ ትቢያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ሃዋይ ላይ ያለ ቴሌስኮፕ ትቢያውን በሥዕል አሳየው፤ ኮከቧን እንደ መቀነት የከበበ ቀለበት ነው። ከኮከቧ ያለው ርቀት ምድር ከፀሐይ ካላት ርቀት ከ60 እጥፍ በላይ ነው።

ትቢያ ብቻውን አይቆይም። የኮከቡ ብርሃንና ነፋስ እየገፋ ያጠፋዋል። ወፍጮ ቤት ገብተን ዱቄት ሲበን ካየን ወፍጮው አሁንም እየፈጨ ነው ማለት ነው። እዚያም እንደዚሁ ነው፦ በመቀነቱ ውስጥ በረዶና ድንጋይ እየተጋጩ ያንን ትቢያ በየጊዜው ይተካሉ። የእኛም ፀሐይ ዙሪያ ከኔፕቱን ወዲያ ተመሳሳይ መቀነት አለ፤ ነገር ግን አርጅቶ ሳስቷል። ስለዚህ ይህችን ኮከብ ማየት የራሳችንን ፀሐይ የልጅነት ገጽ እንደ ማየት ነው።

ጠባይዋን ማን አወቀ?

ይህች ኮከብ ተለዋዋጭ ናት። በ11 ቀን ገደማ አንድ ጊዜ ትዞራለች፤ ፀሐይ ግን ወደ 25 ቀን ይፈጅባታል። ፈጣን ስለሆነች ማግኔታዊ ኃይሏ ይበረታል፣ ገጿ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይበዛል። ነጠብጣቡ ወደ እኛ ሲዞር ብርሃኗ በጥቂቱ ይቀንሳል፣ ሲያልፍ ይመለሳል። ልዩነቱ በዓይን የማይለይ ነው፤ በአንድ ሌሊት ልኬትም ጠባይዋ አይታወቅም። የሚያስፈልገው ዓመታት ነው።

ከሷ በፊት በፀሐይም የታየው ይኸው ነበር። ሳሙኤል ሽቫበ የሚባል ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ እ.ኤ.አ. ከ1826 ጀምሮ ሰማዩ በጠራ ቀን ሁሉ የፀሐይን ነጠብጣብ ቆጠረ። ውጤቱን ያሳተመው ከ17 ዓመት በኋላ ነው። ፀሐይ ወደ 11 ዓመት የሚጠጋ ዑደት እንዳላት ዓለም ያወቀው በዚያ ሰው ትዕግሥት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ ኦሊን ዊልሰን የተባለ ሳይንቲስት ካሊፎርኒያ በሚገኘው ማውንት ዊልሰን ኦብዘርቫቶሪ የሌሎች ኮከቦችን ማግኔታዊ ጠባይ መመዝገብ ጀመረ። በእኛ አቆጣጠር 1958 ዓ.ም. ማለት ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙበት ዓመት። ዊልሰን ጡረታ ሲወጣ ሌሎች ተረከቡት፤ ያ ቴሌስኮፕ ሥራውን ሲያቆም ሌላ ቦታ ያሉ ቀጠሉት። በ45 ዓመት ገደማ መዝገብ ላይ ኮከቧ ሁለት ዑደት እንዳላት ተገኘ፦ አንዱ 3 ዓመት፣ ሌላው 13 ዓመት ገደማ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ይህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1992 አካባቢ አጭሩ ዑደት የቆመ መሰለ። ሰባት ዓመት ያህል ዝም አለ። ከዚያ ተመለሰ። በዚያ መሀል «አለቀ» ብለው መዝገቡን ዘግተው ቢሆን ኖሮ መመለሱን ማንም ባላወቀ ነበር። በዙሪያዋ የምትዞረው ፕላኔትም ታሪኳ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ተገኘች ሲባል ብዙዎች «የኮከቧ ሁከት ያሳሳታችሁ ነው» አሉ፤ ክርክሩ የረገበው የብዙ ዓመት ልኬት ከተደመረ በኋላ ነው።

እንግዲህ ከአንድ ሰው ዕድሜ የሚረዝምን ነገር ለማወቅ ብልህ ሰው ብቻ አይበቃም። ቆጣሪ ለቆጣሪ እያስረከበ የሚሄድበት ሰንሰለት ያስፈልጋል።

የእኛ ሰንሰለት

ይህን ሰንሰለት እኛ ከማንም ልንማረው የሚገባን አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 የፀሐይና የጨረቃን መውጫና መግቢያ ደጆች፣ የ364 ቀንን ዓመት፣ የጨረቃን መሙላትና መጉደል ይቆጥራል። ሌላው ዓለም መጽሐፉን ሲያጣው ምሉዕ ሆኖ የቀረው በግዕዝ ብቻ ነው። ያው ዓባይን ፍለጋ የመጣው ብሩስ ሦስት ቅጂ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1773 አውሮፓ ገባ፤ የእንግሊዝኛ ትርጉም የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1821 ነው። መጽሐፉ ወደ ዛሬው ዓለም የተመለሰው የእኛ ጸሐፍት በብራና እየገለበጡ ስላቆዩት ነው።

ባሕረ ሐሳብም አለ። 2018ን እንውሰድ። 5,500 ሲደመርበት 7,518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩን በ11 አባዝተን በ30 ብንገድፈው አበቅቴው 12፣ በ19 አባዝተን በ30 ብንገድፈው መጥቅዑ 18 ይወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ናቸው፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። ዐቢይ ቀመር የሚባለው ዑደት 532 ዓመት ነው። ማንም ሰው አንድ ዐቢይ ቀመር ሞልቶ አይኖርም፤ ቆጠራው ግን ከየኔታ ወደ ደቀ መዝሙር እየተላለፈ ዛሬ ደርሷል።

ቅኔውስ? የቅኔ ተማሪ የራሱን ቅኔ ሲያዘጋጅ «ቅኔ ቆጠረ» ይባላል። ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ያቀርባል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይቆጥራል። ቃሉ ራሱ የሙያውን ጠባይ ይናገራል።

ነገሩን ማጋነን ግን አይገባም። «ሁሉን አባቶቻችን ያውቁት ነበር» የሚለው ወሬ አይጠቅመንም። ባሕረ ሐሳብ በዓላትን ለማውጣት የተሠራ ቀመር ነው፤ የኮከብን ትቢያ አይለካም። በሄኖክ መጽሐፍ ከዋክብት ሥርዓታቸውን የማይተላለፉ ታዛዦች ተደርገው ለሰው ምሳሌ ይሆናሉ፤ በጊዜያቸው ያልወጡት ደግሞ ይታሰራሉ። ኤፕሲሎን ኤሪዳኒ በዚያ ሚዛን ጥፋተኛ በሆነች ነበር። ያቆየነው የመቁጠርና የማስረከብ ልማድ ነው። እሱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን መሣሪያና አዲስ ጥያቄ ይፈልጋል።

መሣሪያውም ፈጽሞ የለም አይባልም። እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አንዲት ሩቅ ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቷን «አቦል» ብላ እንድትሰይም ዕድል ሲሰጣት ሁላችንም ደስ ብሎናል። ግን ስም ማውጣት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ኮከብን ለ45 ዓመት መከታተል ሰላም ይፈልጋል።

የሚያሳስበኝ

ዛሬ ማታ ከኤፕሲሎን ኤሪዳኒ የሚደርሰን ብርሃን የተነሣው ከአሥር ዓመት ተኩል በፊት ነው። የሰሜኑ ጦርነት አልጀመረም፤ የጎጃሙም አልጀመረም። ያን ጊዜ ደብረ ኤልያስ ላይ ፊደል የጀመረ ልጅ ዛሬ ቅኔ ቤት የሚገባበት ወይም የሁለተኛ ደረጃ ፈተና የሚቀመጥበት ዕድሜ ላይ ነው። በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ውጭ ናቸው። የአብነት ተማሪም ለምኖ የሚበላ ነው፤ መንገድ ሲዘጋ፣ መንደር ሲፈራ፣ ገበሬው ራሱ ሲራብ ትምህርቱ ይቋረጣል።

ድልድይ ቢፈርስ በገንዘብ ይሠራል። መምህሩ ሳያስረክብ የሞተበት ዕውቀት ግን በገንዘብ አይመለስም። ማውንት ዊልሰን ላይ ሰዎች ተቀያይረዋል፤ የቆመ ነገር ቢኖር ያ ቆጠራ ሌላ ቦታ ቀጥሏል። የእኛ ሰንሰለት ግን መዝገቡ በአብዛኛው የየኔታ ቃል ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሁለቱም ወገን ተፋላሚ ነው፦ ደብሩንና ትምህርት ቤቱን ምሽግ አታድርጉት። ለምሁራኑ ደግሞ፦ ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ መምህራንን ቃል ዛሬውኑ ቅዱ፤ የእንጦጦን ሳይንቲስትና የጎጃምን መሪጌታ አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ለወላጅም፦ በገና ማታ ልጃችሁን ደጅ አውጥታችሁ የሰማዩን ዓባይ ከራሱ እስከ ጫፉ አሳዩት። ከግሪኮቹ የተሻለ ማያ ቦታ ላይ ነው የተወለደው።

ያች ኮከብ ሰባት ዓመት ዝም ብላ ተመልሳለች። መመለሷን ያወቁት ግን ዝም ባለችበት ዘመንም መቁጠር ያላቆሙት ናቸው።